የገባውና የወጣው፦ ከሒሳብ መዝገብ እስከ ሕመምተኛ አልጋ

(በማኅበራችን የግንቦት ወር ስብሰባ፣ የዓለም የነርሶች ቀን በሚከበርበት ሰሞን፣ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ሊቀመንበራችን ስለ ነርሶች ሥራ ንግግር አቅርቢ ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ይዤ ከኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ ደረሰኝ ስቆርጥና ገንዘብ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። መርፌ ስታይ ፊቷን የምታዞር ሴት ስለ ነርስ ምን ታወራለች? በኋላ ግን «እህትሽን ስታስታምሚ ያየሽውን ንገሪን» አለችኝ። እሱማ አለኝ።

ከእህቴ በፊት የእናቴን ላስቀድም። ከስድስት ዓመት በፊት እማዬ ታማ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰድናት። መርፌ ተወጋች። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፣ ራሷን ሳተች። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ባለሙያዎቹ ተረባርበው አተረፏት። ስንወጣ «ይህ መድኃኒት አይስማማትም፤ ሁለተኛ እንዳትወስድ» አሉን። እኛም በደስታ እያለቀስን እሺ ብለን ወጣን። የመድኃኒቱን ስም ጽፎ የሰጠን የለም፤ እኛም ጻፉልን አላልንም።

ዓመት ቆይቶ ሌላ ቦታ ስትታከም ነርሷ «የማይስማማት መድኃኒት አለ?» ብላ ጠየቀች። አዎ አልን። «የትኛው?» አለች። እርስ በርስ ተያየን። ወንድሜ «ነጭ ነው፣ በመርፌ ነው የሰጧት» አለ። ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። ነጭ የሆነና በመርፌ የሚሰጥ ስንት መድኃኒት አለ! ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሰን ካርዷን አስፈለግን። ካርዱ ተገኘ። የዚያን ዕለት የሰፈረው ግን መድኃኒት እንደተሰጣትና ተሽሏት እንደወጣች ብቻ ነው። የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ምን ሆነች፣ ምን ተደረገላት የሚል አንድ መስመር የለም። እስከ ዛሬ እማዬ ሳል በያዛት ቁጥር እኛ የምንፈራው ሳሉን አይደለም፤ መድኃኒቱን ነው።

በእኛ ሙያ ደረሰኝ የሌለው ገንዘብ አልተከፈለም። ሰውዬው ቢምልም፣ ሦስት ምስክር ቢያቆምም፣ ኦዲተሩ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። ነርሶችም በትምህርት ቤታቸው «ያልተጻፈ አልተሠራም» እየተባሉ እንደሚማሩ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሙያችን ዘመዳሞች መሆናቸው ገባኝ። ልዩነቱ፣ እኔ ስሳሳት ብር ይጎድላል።

ጋፋት ላይ ቆሜ ስለ ነርስ ስናገር አንድ ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አፄ ቴዎድሮስ እዚሁ ያስቀለጡትን ትልቅ መድፍ ሴባስቶፖል ያሉት በክራይሚያ ጦርነት ስሙ በገነነው ከተማ ስም ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ እንዴት እንደተጎተተ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ በቅርቡ ያወቅሁት ሌላ ነው። በዚያው ጦርነት ቆስለውና ታመው በመርከብ የተጫኑትን የእንግሊዝ ወታደሮች ኢስታንቡል አጠገብ ታስታምም የነበረችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። የነርሶች ቀን የሚከበረውም በልደቷ ቀን፣ ግንቦት 4 ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በሌሊት ኩራዝ ይዛ በአልጋዎች መካከል ስትዞር ነው። እኔን የማረከኝ ግን መዝገብ ወዳድነቷ ነው። የሞተው ስንት ነው፣ በምን ሞተ የሚለውን ሰብስባ፣ ወታደሩን የበለጠ የጨረሰው ጥይት ሳይሆን ተስቦ፣ ተቅማጥና ኮሌራ መሆኑን በባለ ቀለም ሥዕል እያሳየች ለመንግሥቷ አቀረበች። እ.ኤ.አ. በ1858 የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። የነርሶች እናት የሒሳብ ሰውም ነበረች ማለት ነው። ይህን ሳውቅ፣ አልዋሻችሁም፣ ትንሽ ኮራሁ።

አሁን ወደ እህቴ።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን እንደያዘች ራሷን ያማት፣ ዓይኗ ብዥ ይልባት ጀመር። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አለ። ነፍሰ ጡር ናት፣ ያለ ነው እያልን ሰነበትን። አንድ ማታ አንቀጠቀጣትና ሐኪም ቤት ስናደርሳት የደም ግፊቷ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሕፃኗ ቶሎ መወለድ አለባት ተባለ፤ ተወለደችም። እህቴን ደግሞ እንደገና እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት በየአራት ሰዓቱ ትወጋ ጀመር። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ሽንቷ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀምና ትንፋሽን እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሦስት ነገር ታያለች፦ አተነፋፈሷ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ጉልበቷን መታ ሲያደርጓት እግሯ መስፈንጠሩን፣ ባለፉት አራት ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን። ሽንቷ በቱቦ ወደ ከረጢት ይወርዳል፤ ነርሷ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ቅጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የገባ ፈሳሽ፣ ሌላው የወጣ ፈሳሽ። ሳየው ገቢና ወጪ ነው! ከታች ድምር አለው፣ ልዩነት አለው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል የማውቀው ሰው ያገኘሁ ያህል ሆነብኝ።

ሌሊቱን ከእህቴ ጋር ያደርነው እኔና አክስቴ ነን። አክስቴ ንጹሕ ሴት ናቸው፤ ቆሻሻ አይችሉም። እኔ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ እሳቸው ከረጢቱ ሞልቶ ያዩና «ልጄን እንዳይሸታት» ብለው ይደፉታል። ሁለት ጊዜ። ሊነጋ ሲል ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች፤ ከረጢቱን አየች፤ ቅጹን አየች። በአራት ሰዓት ውስጥ የወጣው ከሚገባው በታች ነው። መርፌውን ሳትወጋ መልሳ አስቀመጠችው። የእህቴ ኩላሊት ሥራ አቆመ ማለት ነው ብዬ እግሬ ከዳኝ።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ከእኔ ታንሳለች። ወደ ሐኪሙ ከመደወሏ በፊት ዞር ብላ አክስቴን በለሰለሰ ድምፅ «እማማ፣ ይህን ከረጢት የደፋው ሰው አለ?» አለቻቸው። አክስቴ ደንግጠው «እኔ ነኝ ልጄ፤ አጠፋሁ?» አሉ። ስንት ነበር ስትላቸው በእጃቸው መጠኑን አሳዩ። በኩባያ ይሁን በጣሳ ለራሳቸውም አልለየላቸውም።

እዚህ ላይ ዓይኔን ቅጹ ላይ ተክዬ ነበር። እኔ ካዝና ስቆጥር ሒሳቡ አልገጥም ሲል ምን እንደሚያምረኝ አውቃለሁ። አንድ ቁጥር ጻፍ አድርጎ ማስታረቅ ያምራል። ነርሷም «200» ብላ ብትጽፍ ማን ያያል? መርፌውን ሰጥታ ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄድ ነበር። እሷ ግን ምን እንደጻፈች አስነብቤያታለሁ፦ «ሽንቱን አስታማሚ ሁለት ጊዜ ደፍታዋለች፤ መጠኑ አልተለካም።» ሰዓቱን ጻፈች፤ ፈረመች። አተነፋፈሷን ቆጠረች፤ ጉልበቷን መታች። ያንን ይዛ ለሐኪሙ ደወለች። ከረጢቱን ባዶ አድርጋ ከዜሮ መቁጠር ጀመረች። መርፌው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተሰጠ። በዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እህቴ እንደገና ያንቀጠቅጣት ይሆን እያልሁ የጸለይሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላንቀጠቀጣትም።

ጥፋቱ የማን ነው? አክስቴ ናቸው ለማለት ይቀላል። ግን ቱቦውን ያስገባው ባለሙያ «ይህን እኛ ነን የምንለካው፣ እንዳትደፉት» አላለንም። እኛም ይህ ምንድን ነው ብለን አልጠየቅንም። ሦስታችንም ለእህቴ ስንል ነው የደከምነው። መሀላችን የጠፋው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነርሷ ለሐኪሙ ስትደውል የተናገረችውንም ልብ ብያለሁ። «ዶክተር፣ ታካሚዋ ደህና አይደለችም» አላለችም። ማን እንደሆነችና የስንተኛ አልጋ እንደሆነች፣ ትናንት ማታ አንቀጥቅጧት እንደገባችና መቼ እንደወለደች፣ አሁን ግፊቷ፣ አተነፋፈሷና ጉልበቷ እንዴት እንደሆነ፣ ሽንቱ ለምን እንዳልታወቀ ተናገረችና «መርፌውን ልስጥ ወይስ ልጠብቅ?» ብላ ጨረሰች። ደቂቃ አልፈጀባትም። ይህ አነጋገር ስም እንዳለው በኋላ ነገሩኝ፤ ኤስ ባር ይሉታል፤ ከአሜሪካ ባህር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች የተወሰደ ነው አሉ። ሁኔታው፣ የኋላ ታሪኩ፣ ግምገማው፣ ጥያቄው። እኛ ቤት ስልክ ስንደዋወል «ኧረ እማዬን አመማት፣ ቶሎ ና!» ብለን ዘግተን አገሩን እናሸብር የለ!

ስለ ጽሕፈቱ ትንሽ ልጨምር፤ ይህ የራሴ ሜዳ ነው። ደረሰኝ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። የነርስ ቻርትም እንደዚያው ነው። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዘሽ፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ትተሽ፣ ትክክለኛውን ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። ማጥፊያ ቀለም መቀባት ወይም ገጹን መቅደድ ስሕተቱን ወንጀል ያስመስለዋል። ሌላው፣ ከሠራሽ በኋላ እንጂ ከመሥራትሽ በፊት አይጻፍም። ገንዘቡ ሳይወጣ የወጪ ማዘዣው ላይ «ተከፍሏል» እንደማይባለው ሁሉ።

ትልቁ ጣጣ ግን ሰዓታችን ነው። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት የምንለውን ቻርቱ በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ይለዋል። አንዱ ነርስ በፈረንጅ፣ ሌላው በአበሻ ቢጽፍስ? 8 ሰዓት የሚለው ጠዋት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ ልዩነቱ ልክ አንድ መርፌ ነው። ወይ ትዘለላለች፣ ወይ ሁለቴ ትወጋለች። ወሩም እንዲሁ ነው፤ 3 ብሎ የተጻፈው ኅዳር ይሁን ማርች ካልታወቀ የነፍሰ ጡሯ ቀን ይዛባል። ነርሶቻችን ይህን ስነግራቸው «ይደርስብናል» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ፣ አያስቅም።

ወረቀት ሰው ያድናል ስል የተጋነነ የሚመስላችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጥቀስ። ፓርቶግራፍ የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት አለ፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ አዋላጇ የምትሞላው። የሕፃኑን የልብ ትርታ በየግማሽ ሰዓቱ፣ የማሕፀን በር መከፈቱን በየአራት ሰዓቱ ነጥብ እያደረገች ታገናኛለች። መስመሩ ከታሰበው ወደ ቀኝ ካፈነገጠ ምጡ ዘግይቷልና ሪፈር ይጻፋል። ዛሬ የምንሠራበት ቅጽ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1972 ዚምባብዌ ውስጥ የተሠራው ነው፤ ያኔ ሮዴዥያ ትባል ነበር። ከከተማ ርቀው የሚሠሩ አዋላጆች እናቲቱን መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው እንዲያውቁ ታስቦ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በደቡብ ምሥራቅ እስያ 35,484 እናቶችን ይዞ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ውጤት፣ ወረቀቱ በሥራ ላይ ሲውል ከ18 ሰዓት በላይ የሚቆይ ምጥ ከመቶ 6.4 ወደ 3.4 ወርዷል። በቃሬዛ ከጉና ሥር ተሸክመው የሚያወርዷት ሴት ላለችበት አገር ሦስት ሰዓት ቀድሞ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን ወረቀቱ የሚሠራው በሰዓቱ ሲሞላ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ተቀምጦ የተሞላ ፓርቶግራፍ፣ ኦዲተር ሊመጣ ነው ተብሎ በአንድ ሌሊት እንደተጻፈ የገንዘብ መዝገብ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን መዝገብ ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ ቀለሙ ሁሉ አንድ ነው።

እስካሁን ነርሶቹን ብቻ ስመክር የቆየሁ መስሏችሁ ከሆነ ተራው የእኛ ነው።

ነርሷ ጠዋት መጥታ «እንዴት አደሩ እማማ?» ትላለች። እማማ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አድረው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ምን ትጻፍ? ደህና አደሩ ብላ ጻፈች። እኛም ከጎን ሆነን ዝም። ምስጋናው ጸሎት ነው፤ መልስ አይደለም። ስለዚህ ነርሶቻችን «እንዴት አደሩ» ካላችሁ በኋላ «የት ነው የሚያምዎት? ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሡ? ምን ቀመሱ?» በሉ። እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጎኔን እየወጋኝ ነው» እንበል። ሁለቱም በአንድ አፍ ይወጣል።

የምንደብቀውስ ነገር? የጠጣነውን ቅጠል አንናገርም። ጸበል ልንወስዳት ስንል መድኃኒቱን ማቋረጧን አንናገርም። ጾም ነው ብላ የጠዋቱን ክኒን ከትራስ ሥር የምታኖር እናት አለችን። ነርሷ «ወሰዱ?» ስትል «ወስጃለሁ»። ነርሷ በታማኝነት የጻፈችው ውሸት ይሆናል፤ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ የበረታ ያዝዛል። ቁጣ ፈርተን ነው፤ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ያቺ ልጅ አክስቴን በለሰለሰ ድምፅ መጠየቋ ከመርፌው እኩል የቆጠርሁት። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ አክስቴ «እኔ አላየሁም» ይሉ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ነርሶቹንም ማየት ነው። አንዲት ነርስ ሌሊት ስንት አልጋ እንደምትዞር ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ፤ ቁጥሩን ብናገር ያደርንበት ቤት ይታወቃልና ልተወው። ቅጽ ሲያልቅ በተራ ወረቀት ላይ አስምራ ስትጽፍ አይቻለሁ። ፈረቃ ሲቀያየሩ ግን አንድ ደስ ያለኝ ነገር ነበር። ሁለቱ ነርሶች ክፍላቸው ተቀምጠው አልተረካከቡም፤ አልጋው ድረስ መጥተው፣ እህቴን እያዩ፣ ቅጹን አብረው እያነበቡ ተረካከቡ። ገንዘብ ያዦች ካዝና ስንረካከብ አብረን ቆጥረን ሁለታችንም እንደምንፈርመው። ጠዋት የገባችው ነርስ ስለ ከረጢቱ ከእኛ ሳይሆን ከጓደኛዋ ሰማች፤ አክስቴንም «ዛሬ እኔ ነኝ የምደፋው» ብላ አሳቀቻቸው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከማኅበራዊ ፈንዳችን ላይ ለእያንዳንዷ አባል አንድ አንድ ደብተር እንግዛ ብዬ ኮሚቴውን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ኬላው ላይ የቤተሰብ ማኅደር አላቸው፤ ይህኛው ግን ከእኛ ጋር የሚሄድ ነው፤ ሐኪም ቤትም፣ ልጅ ጥየቃም፣ አዲስ አበባም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቤተሰቡ ሰው ስምና የማይስማማው መድኃኒት ይጻፋል። ቀጥሎ የታከመበት ቀን፣ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ የደም ግፊቱ። የመድኃኒቱን ስም ራሳችን አንገምት፤ ደብተሩን ለነርሷ ዘርግተን «እባክሽ እዚህ ላይ ጻፊልኝ» እንበል። ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት» ወይም «ማታ» የሚለውን አትዝለሉ። መጻፍ የማትችሉ እናቶች ልጆቻችሁን አዝዙ፤ እነሱ ከሌሉ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እኔ ኑ። የእማዬ ደብተር ናሙና እንዲሆናችሁ ጠረጴዛው ላይ አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ስሙ ያልታወቀ፣ ነጭ፣ በመርፌ» ይላል። ሌላ የምጽፈው አጣሁ።

ደብተሮቹ ከጸሐፊያችን ዘንድ ናቸው። ቡናው እስኪፈላ አንድ አንድ ውሰዱ። ስትወስዱ ግን ስማችሁ ትይዩ ፈርሙ፤ ባዶ ሜዳ ላይ ስንት ደብተር ወጣ ብዬ ስቆጥር እንዳታስመሹኝ።